የሱፍ ጉርዶቹን አትጣሏቸው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እትማችሁ ለአዲስ ገቢዎች ብላችሁ ስለ ሚኒሶታ ብርድ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለቴ አነበብኩት። ስለ መኪና ባትሪ፣ ስለ ቤት ማሞቂያ፣ ስለ ልጆች ጓንት የተጻፈው ጥሩ ነው፤ ቆርጬ ለእህቴ ልጅ ሰጥቻታለሁ። ሴቶች እስከ ሚያዝያ ድረስ ጉርድና ቀሚሳቸውን አስቀምጠው ሱሪ እንዲለብሱ የምትመክረው መስመር ግን እንቅልፍ ነሳችኝ። በክፉ እንዳልተጻፈች አውቃለሁ። ግን እኔ ዘንድ ልብስ ለማሳጠርና ለማስረዘም ከሚመጡት እናቶች ብዙዎቹ በዕድሜያቸው ሱሪ አጥልቀው አያውቁም። እሑድ የሚያስቀድሱ ወጣቶችም ቢሆኑ ለቅዳሴ የሚለብሱት ጉርድ ነው። ሱሪ ካልለበሳችሁ እቤታችሁ ተቀመጡ የተባሉ ያህል ነው የተሰማኝ።

ሴንት ፖል ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ዲቪ ደርሶኝ እዚህ የገባሁት እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1995 ነው። የመጀመሪያው ክረምቴ ያ ክፉ ክረምት ነበር፤ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1996 በሰሜን ሚኒሶታ ታወር በምትባል ከተማ ከዜሮ በታች 51 ዲግሪ ሴልሺየስ የተመዘገበበት። እስከ ዛሬ የክፍለ ግዛቱ ሪከርድ ነው። እኛ ጋ ያን ያህል አልደረሰም፤ ለእኔ ግን የደረሰው በቂ ነበር። በዚያ ሰሞን ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ አውቶቡስ ስጠብቅ የለበስኩት ከአዲስ አበባ ይዤው የመጣሁትን ስስ የፖሊስተር ጉርድ ነው። ከላይ ወፍራም ጃኬት፣ ከታች ያ ጉርድ። ነፋሱ ከታይቴ ጋር አጣበቀው። ጭኔ መጀመሪያ አቃጠለኝ፣ ከዚያ ወጋኝ፣ ከዚያ ጨርሶ ደነዘዘብኝ። ቤት ገብቼ ሳየው ቆዳዬ ቀልቶ ቦታ ቦታው ነጥቷል። ያን ቀን ማታ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ አልቅሻለሁ።

አብራኝ የምትሠራ አንዲት አሜሪካዊት አዛውንት ነበረች፤ ነፍሷን ይማር። በማግስቱ የጉርዴን ጫፍ በሁለት ጣቷ ይዛ አሸት አሸት አደረገችውና ምንም ሳትል ተወችው። ቅዳሜ መጥታ በመኪናዋ ወሰደችኝ። ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ያለች ያገለገለ ልብስ መሸጫ ናት። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ጉርድ ተሰቅሏል። እጄን ይዛ አንዱ ላይ አስቀመጠችው።

እጄ አወቀው። ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው፤ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ሣሩን ነጭ የሚያደርግበት አገር። አያቴ መንዜ ናት። የበግ ፀጉር በእንዝርት ስትፈትል ከእግሯ ሥር ተቀምጬ ነው ነፍስ ያወቅሁት። የፈተለችው ወደ ሸማኔ ይሄድና ባና ሆኖ ይመለሳል። ባና የለበሰ ያውቀዋል፤ መጀመሪያ ይከብዳል፣ ይቆረቁራል፣ ትንሽ ቆይቶ ግን የራስን ሙቀት ለራስ ይመልሳል። ጨብጠውት ሲለቁት ተመልሶ ይነፋል። ያን ጉርድ ጨብጬ ስለቀው እንደዚያው ተነፋ። ዕድሜዬን ሙሉ የማውቀውን ነገር አሥራ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ርቄ መጥቼ በአራት ዶላር አገኘሁት።

ስለዚህች ጉርድ ትንሽ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ሌሎቹን ለመምረጥ የተማርኩት በእሷ ነው። ጥቁር አረንጓዴና ጥቁር ሰማያዊ ዳማ ናት፣ በላዩ ላይ ጥቁር መስመር የሚያቋርጠው። ስኮትላንዶች ብላክ ዎች ይሉታል፤ የአንድ ክፍለ ጦራቸው መለያ የነበረ ነው። ሽንሽኑ ከወገብ እስከ ዳሌ ተሰፍቶ ተይዟል፣ ከዚያ በታች ተለቋል። ዚፑ የብረት ነው፣ በግራ ጎን። ገለበጥኳትና ስፌቷን አየሁ። በጎን ስፌቱ ላይ እያንዳንዱ መስመር ከማዶው መስመር ጋር ገጥሟል፤ አረንጓዴው ከአረንጓዴው፣ ጥቁሩ ከጥቁሩ፣ ከወገቡ እስከ ታች ድረስ አንድም ሳይዛነፍ። ዳማ ጨርቅ ሰፍታ የምታውቅ ሴት ይህ ምን እንደሚጠይቅ ይገባታል። ሁለቱን ቁራጭ በየመስመሩ በስፒል እየያዙ ማገጣጠም ነው፤ መስመሩ እንዲገናኝ ሲባል ብዙ ጨርቅ ይወድቃል፤ ማሽኑም ቀስ እየተባለ ነው የሚነዳው። በችኮላ የሚሰፋ ልብስ ላይ መስመሩ ጎን ላይ ሲደርስ ይሰበራል። አንድ ጉርድ በእጃችሁ ሲገባ መጀመሪያ የምታዩት ይህን ይሁን።

ቀጥሎ የታችኛውን እጥፋት እዩ። የእኔዋ ወደ ውስጥ ስድስት ሴንቲ ሜትር ታጥፎላታል። ያኔ ልብስ የሚገዛው ለብዙ ዓመት ስለነበር፣ ልጅቷ ስትረዝም ወይም ፋሽኑ ሲረዝም እንዲለቀቅ ሰፊዋ አስባበታለች። ተረተርኩት፤ ጉርዷ ሦስት ጣት ረዘመች። የድሮው እጥፋት መስመር እንደ ጠባሳ ይታይ ነበር። ነጭ ኮምጣጤና ውኃ እኩል ቀላቅዬ በጨርቅ አርጥቤ፣ በላዩ እርጥብ ነጠላ ጨርቅ አድርጌ በካውያ መታሁት። ካውያውን አትግፉት፤ ጫን አድርጋችሁ አንሡት፣ ደግሞ ጫን አድርጋችሁ አንሡት። በሦስተኛው ላይ መስመሩ ጠፋ። ለረጅም ጉርድ ለሚጨነቁ እናቶች መልሱ እዚያች እጥፋት ውስጥ ተቀምጧል።

ዕድሜዋን ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ወገቧ ላይ ከውስጥ አንዲት ትንሽ ምልክት ተሰፍታለች፤ አይ ኤል ጂ ደብሊው ዩ ትላለች። የአሜሪካ የሴት ልብስ ሰፊዎች የሠራተኛ ማኅበር ነው፣ በ1900 የተመሠረተ። ከሌላ ማኅበር ጋር ተዋሕዶ ስሙ የቀረው በ1995፣ እኔ እዚህ በገባሁበት ዓመት ነው። ስለዚህ ያቺ ምልክት ያለችበት ልብስ ቢያንስ የሠላሳ ዓመት ዕድሜ አለው። በእኔዋ ላይ ደግሞ ስለ አጣጠብ የተጻፈ ምንም ነገር የለም። የአጣጠብ መመሪያ በልብስ ላይ እንዲሰፋ ግዴታ የሆነው በ1972 ነው፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት የተሰፋች ሳትሆን አትቀርም። ከእኔ ጋር ዕድሜ እኩያ ናት ማለት ነው። እኔ የማላውቃት አንዲት ሰፊ ሴት እነዚያን መስመሮች አንድ በአንድ ስታገጣጥም እኔ ደብረ ብርሃን እናቴ ጀርባ ላይ ነበርኩ። ይህን ሳስብ ልቤ ይነካል።

ሱፍ መሆኑን ለማወቅ ምልክቱን ማንበብ ነው። ሱፉ በመቶ ስንት እንደሆነ መጻፍ እዚህ አገር ከ1941 ጀምሮ ሕግ ነው። ከ1964 ወዲህ በተሠሩት ላይ በጥቋቁር መስመር የተጠቀለለ ልቃቂት የሚመስል ሥዕል ካያችሁ የንጹሕ ሱፍ ምልክት ነው። ምልክቱ ከተቆረጠ ደግሞ ከውስጥ ስፌቱ አንዲት ክር መዛችሁ፣ በወረንጦ ይዛችሁ ከውኃ ገንዳ በላይ ክብሪት አሳዩት። ሱፍ እንደ ተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ ሲጨብጡት አመድ ሆኖ ይፈርሳል። አክሪሊክና ፖሊስተር ግን ይቀልጡና እንደ ጨሌ የጠጠረ ነገር ይቀራል። ይህን ሱቅ ውስጥ እንዳታደርጉ።

ልጄ ትንሽ ሳለች ዳማ ጉርዴን የተማሪ ዩኒፎርም ነው ትለኝ ነበር፤ ብዙ ወጣቶችም እንደዚያ እያሉ ያልፉታል። ነገሩ ግን ከዩኒፎርም በፊት የደገኞች ነው። አሜሪካኖች ዳማ ጨርቅን የሚጠሩበት ፕሌይድ የሚለው ቃል ራሱ በስኮትላንድ ደጋ ትልቅ የሱፍ ልብስ ማለት ነው፤ ቀን ይከናነቡታል፣ በወገባቸው ይታጠቁታል፣ ሌሊት ይተኙበታል። ጋቢ ማለት አይደለም እንዴ? ዳማው ደግሞ ታርታን ይባላል። በ1746 የእንግሊዝ መንግሥት ካመፁበት በኋላ የደጋ ልብሳቸውን በሕግ ከለከላቸው፤ ክልከላው የተነሣው በ1782 ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመት። በጎች ያሏቸው፣ ብርድ ያለባቸው፣ በልብሳቸው የሚኮሩ ሰዎች ናቸው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ዳማ ጉርዴን ስለብስ እንደ ባዕድ ልብስ አላየውም።

ሁለት ነገር ሁልጊዜ ይሉኛል። አንደኛው፣ ሱፍ ይበላል። እውነት ነው፣ ይበላል፤ አንዳንዱ ቆዳም ጨርሶ አይስማማውም። መፍትሔው ገበር ነው። ከሐር ወይም ከስስ ጥጥ ገበር ከወገቡ ጀምሬ እሰፋበታለሁ፤ ገበሩ ከጉርዱ ሁለት ጣት ያጠረ፣ ከታች ያልተያያዘ፣ ሲራመዱ ራሱን ችሎ የሚሄድ። ጉርዱ ላይ ካልሰፋችሁት ደግሞ ውስጥ ልብስ መልበስ ይበቃል። ከዚያ በታች ወፍራም ታይት፣ ከዚያ የሱፍ ካልሲ፣ ከዚያ ቡትስ። ፖሊስተር ጉርድ በሁለት ታይት የማይሰጠውን ይህ በአንድ ይሰጣል፣ ምክንያቱም የሱፍ ክር ጥቅልል ስለሆነ በመካከሉ አየር ይይዛል። በክብደቱ እስከ ሲሶ የሚደርስ እርጥበት ጠጥቶም በቆዳ ላይ እንደ እርጥብ አይሰማም። በረዶ ከላዩ አራግፎ መግባት ነው።

ሁለተኛው የሚሉኝ በቀስታ ነው፤ የማንን ልብስ ነው የምለብሰው፣ የሞተች ሴት ቢሆንስ? ይህን አልንቅም። እኔም መጀመሪያ ጊዜ ጸበል ረጭቼባት ነው የለበስኳት። ግን እውነቱን እንነጋገር፤ መርካቶ የሰልቫጅ ቦንዳ ሲፈታ ተሻምተን ያደግን ሰዎች ነን። ያኔ ያላስጠየፈን ዛሬ ለምን ያስጠይፈናል? ንጽሕናውን በሚመለከት ደግሞ እኔ የገዛሁትን ሁሉ በላስቲክ አስሬ ሁለት ሳምንት ፍሪዘር ውስጥ አቆየዋለሁ። ፍሪዘሩ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ከሆነ ትኋንም ብልም አይተርፍም። ብል ሲባል የምትበላው የምትበረው ቢራቢሮ አይደለችም፤ እንቁላሏ ተፈልፍሎ የሚወጣው ትል ነው። የሚወደውም ላብና ምግብ የነካው ቦታ ነው፤ ስለዚህ ሳይጸዳ የተቀመጠ ጉርድ የብል ማዕድ ነው። ሴዳር የሚሉትን እንጨት ሳጥን ውስጥ አደርጋለሁ፤ ትሉን አይገድለውም፣ ሽታው ግን ደስ ይለኛል። ቀዩ የአሜሪካ ሴዳር የሐበሻ ጥድ ዘመድ ነው፤ ሳጥኔን ስከፍት የቤተ ክርስቲያን ግቢ ይሸተኛል።

አጣጠቡ ላይ ግን እለምናችኋለሁ፣ ተጠንቀቁ። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት አንዲት ቀይ ዳማ ጉርድ ነበረችኝ፣ ቢጫ ቀጭን መስመር ያላት፣ ከብላክ ዎቿም ይልቅ የምወዳት። የትንሣኤ ሰሞን ተጣድፌ ከሌላ ልብስ ጋር በሙቅ ውኃ ማጠቢያ ውስጥ ከተትኳት፣ ከዚያ ወደ ማድረቂያ። ሳወጣት የሰባት ዓመት ልጅ ልክ ሆናለች፣ ጨርቋ ወፍሮ እንደ ምንጣፍ ደርቋል፣ ሽንሽኗ አይከፈትም። የሱፍ ክር በላዩ ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት ያለ ነገር አለው፤ ሙቀት፣ ውኃና መታሸት ሲገናኙ ቅርፊቶቹ ይቆላለፋሉ፣ መልሶ የሚፈታቸው የለም። ከዚያ ወዲህ በእጄ ነው፤ ቀዝቀዝ ያለ ውኃ፣ የሕፃን ሻምፖ፣ ሳይታሽ። ከዚያ ፎጣ ላይ አስተኝቶ መጠቅለል፣ መጫን፣ ዘርግቶ ማድረቅ። እርጥብ ሱፍ አይሰቀልም፤ ይለጠጣል። ደግሞም ብዙ መታጠብ አይፈልግም። ከቅዳሴ ሲመለሱ አንድ ሌሊት አየር ላይ መስቀል ነው።

አሁን ይህን ደብዳቤ ወዳስጻፈኝ ነገር ልመለስ። አምና በኅዳር በአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ለአዲስ ገቢዎች ልብስ ሲለይ ለመርዳት ሄጄ ነበር። ወጣቶቹ በትጋት ነበር የሚሠሩት፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። በሩ አጠገብ ለቆሻሻ የተቀመጡ ሁለት ትልልቅ ጥቁር ከረጢቶች አየሁ። አንዱን ስከፍተው ዳማ ወጣ። አሥራ አንድ የሱፍ ጉርድ። አንዱ ብቻ ብል በልቶታል፣ እሱም ሽንሽን ውስጥ የምትደበቅ ቀዳዳ። የፔንድልተን ምልክት ያለበትም ነበረ፤ ከኦሪገን የሚመጣ፣ ከ1909 ጀምሮ ሱፍ የሚሸምን ፋብሪካ። መስቀያው ላይ የተንጠለጠለው ደግሞ እኔ አውቶቡስ ስጠብቅ የለበስኩት ዓይነት አዲስ ስስ ፖሊስተር ነው።

ለምን ስላቸው አንዲቷ ልጅ፣ «እትዬ፣ አሮጌ ከሰጠናቸው ንቀውናል ይላሉ» አለችኝ። ይህ መልስ አስቆዘመኝ፤ ምክንያቱም እውነት አለበት። ተጨማድዶ በከረጢት የተሰጠ ልብስ ያዋርዳል። እኔም ተሰጥቶኝ ያውቃል፣ ስሜቱን አልረሳሁም። ግን ያው ጉርድ ታጥቦ፣ በእንፋሎት ተመትቶ፣ ገበር ገብቶለት፣ በሰውዬዋ ወገብ ልክ ተስተካክሎ ሲሰጥ ሌላ ነገር ነው። ያኔ የተሰጣት ሥራ ነው፣ ጊዜ ነው። አሥራ አንዱንም ይዤ ወደ ቤት ሄድኩ።

በጥር አንዲት ደንበኛዬ እናቷን ከደሴ እንዳመጣችና ከመጡ ጀምሮ ከቤት እንዳልወጡ ነገረችኝ። ቅዳሴ ቀርቶባቸዋል። ለጥምቀት እንኳ አልሄዱም። ሱሪ ገዝታላቸው አልነካም ብለዋል። ሦስት ጉርድ በክንዴ ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ሶፋው ላይ በሁለት ጋቢ ተጠቅልለው፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው አገኘኋቸው። ቡናማና ክሬም ዳማ ያለበትን ጉርድ ጉልበታቸው ላይ አደረግሁላቸው። ምንም አላሉም። ጨርቁን በአውራ ጣታቸው አሹት፣ ጨበጡት፣ ለቀቁት።

«ሱፍ ነው» አሉ።

«አዎ እማማ፣ ሱፍ ነው።»

«ከየት አመጣሽው ልጄ?»

«ከዚሁ ነው። እዚሁ አገር የተሰፋ ነው።»

«እዚህም በግ አለ?» አሉና ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ።

ወገቡ አልደርስ አላቸው። ከእጥፋቱ ጨርቅ ቆርጬ በሁለቱም ጎን ሦስት ማዕዘን ቁራጭ አስገባሁ፤ ዳማው እንዲገጥም አንድ ሙሉ ማታ ፈጅቶብኛል፣ ገጥሟል ግን። ወገቡ ላይ ከኋላ ላስቲክ፣ ውስጡ ነጭ የጥጥ ገበር። እሑድ ልጃቸው ደወለችልኝ፤ እናቷ ከቅዳሴ ተመልሰው ጉርዳቸውን አላወልቅም ብለው ተቀምጠዋል አለችኝ።

ስለዚህ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ ቀጣዩን የክረምት ጽሑፍ ስታዘጋጁ እባካችሁ ሱሪ ልበሱ ከሚለው አጠገብ አንድ መስመር ጨምሩ፦ ጉርድ የሚለብሱ ደግሞ የሱፍ ጉርድ ይፈልጉ፣ በየሰፈሩ ያገለገለ ልብስ መሸጫ ውስጥ ይገኛል፣ ከጃኬት እጅግ ይረክሳል። ልብስ ለምትሰበስቡ ማኅበራትና አጥቢያዎችም፦ ሱፍ ስታገኙ በእጃችሁ ጨብጣችሁ ልቀቁት። ተመልሶ ከተነፋ ወደ ከረጢት አትክተቱት፤ ለእኔ ላኩልኝ። ቀዳዳ ቢኖረው፣ ዚፑ ቢሰበር፣ ወገቡ ቢጠብ ችግር የለም። ዘወትር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሱቄ ክፍት ነው፤ ለአዲስ ገቢ እናቶች በነጻ አስተካክላለሁ። ሁለት ወጣት ሴቶች ቢያግዙኝ ዳማ ማገጣጠም አስተምራቸዋለሁ፣ ማሽን አለኝ፣ ስፒልና ክርም አለኝ።

አሁን ከአሥራ አንዱ አራት ቀርተዋል። ሁለቱ ለቀጭን ሴት ናቸው፣ አንዱ ለረጅም፣ አንዱ ገና ገበር ይቀረዋል። ደብዳቤዬን ጥር ሳይገባ ብታወጡልኝ ደስ ይለኛል፤ ብርዱ የሚጠናው ያኔ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
ልብስ ሰፊዋ አንባቢያችሁ
ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ